አያታችሁ የጻፈው ዝናብ

በእኛ ጊዜ ዝናብ የሰማይ እንጂ የመንግሥት ጉዳይ አልነበረም። ሲመጣ ይመጣል፣ ሲቀር ይቀራል፣ «ነገ ይዘንባል፣ ከነገ ወዲያ ያባራል» የሚል ሰው ቢገኝ ደብተራ ነው ተብሎ ይፈራል። ታዲያ እኔ ባገባሁ በዓመቱ ነው ዝናብ ወደ መንግሥት የገባው፣ የገባውም በእኛ በር ነው፣ በአያታችሁ በኩል። አትሳቁ! ገና ምን ተናገርኩ? አንቺ ደግሞ እንደምናገረው ጻፊው፣ አታሳምሪው፣ ባለፈው ያነበብሽልኝ እኔን አይመስልም ነበር።

አያታችሁ ወልዴ ያኔ ከሽሮ ሜዳ ወደ ቁስቋም ሲወጣ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ዘበኛ ነው። የምንኖረውም እዚያው ግቢ ውስጥ፣ በሩ አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል ነው። አንድ ቀን ታዲያ ከአንድ መሥሪያ ቤት ሁለት ሰዎች በላንድሮቨር መጡና፣ ግቢው መሃል ዛፍ የሌለበት ቦታ መርጠው አንድ ቆርቆሮ ተከሉ። ቆርቆሮ ነው በቃ፣ የመዳብ፣ ቁመቱ እስከ ጉልበቴ፣ አፉ ላይ ነጭ ጋዝ ወደ ጠርሙስ ስንገለብጥበት የነበረውን፣ ከላይ ሰፊ ከታች ጠባብ የሆነውን ነገር የመሰለ ተገጥሞበታል። «የዝናብ መለኪያ ነው» አሉ። ከዚያ ዳይሬክተሩን ጠየቁት፣ «ማንበብና መጻፍ የሚችል፣ የትም የማይሄድ ሰው አለዎት?» አሉት። አያታችሁ ቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ደግሟል፣ የትም ደግሞ አይሄድም። እና እሱ ተሾመ።

ሹመቱ ምን መሰላችሁ፣ በየቀኑ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ አምስት ደቂቃ አያልፍም፣ ቆርቆሮውን ይከፍታል፣ ውስጡ ያለውን ውሃ ምልክት ባለው ብርጭቆ ይገለብጣል፣ ስንት ሚሊ እንደሆነ አይቶ መዝገብ ላይ ይጽፋል። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ደግሞ ቁጥሩን በስልክ ለመሥሪያ ቤቱ ትናገራለች። ይኸው ነው። አያታችሁ ግን ለዚህች ሥራ ጫማውን ይወለውል ነበር።

መጀመሪያ ሰሞን አንድ ጥፋት አጠፋ። አንድ ጠዋት ከእንጦጦ ጉም ወርዶ ካፊያ ብጤ ነበረና፣ መዝገቡ ላይ ምን ብሎ ጻፈ፣ «ካፊያ ነው፣ ጋቢ አያበሰብስም» ብሎ ጻፈ። ወሩ ሲያልቅ ተቆጣጣሪው መጣ፣ ወጣት ነው፣ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ሙሽራ ነው የሚመስለው። መዝገቡን አነበበና ቀና አለ።

«ጋቢ ማለት ስንት ሚሊ ነው?» አለው።

አያታችሁ ደግሞ ጥያቄ ከተጠየቀ ይመልሳል፣ አሰበ አሰበና «እንደ ጋቢው ነው ጌታዬ፣ የሽሮ ሜዳው ወፈር ይላል» አለው።

«ስማ ወልዴ» አለው ልጁ፣ «ከዛሬ ጀምሮ አንተ ሰማይ አታይም። መሬትም አታይም። እቃውን ብቻ ነው የምታየው። እቃው ያለውን ትጽፋለህ፣ አንተ የምትለውን አትጽፍም። ገባህ?»

«ገባኝ ጌታዬ።»

እና ገባው። አያታችሁ አንዴ የገባው ነገር አይወጣም፣ እናንተም ታውቁታላችሁ።

አሁን ደግሞ አባቴን ላስተዋውቃችሁ፣ አልደረሳችሁበትም። አባዬ፣ አቶ ነገዎ፣ ከእንጦጦ ማዶ ሱሉልታ ገበሬ ነበር። እኔን ጥንድ በሬ ላለው ለሰፈራችን ሰው አስቦኛል፣ እኔ ደግሞ ዘበኛ አገባሁ። ሽማግሌ ሲላክበት እሺ ብሏል፣ ግን እሺ ያለው አፉ ነው። በየማክሰኞው ድርቆሽ በአህያ ጭኖ ጉለሌ ይመጣል፣ ድርቆሹን ይሸጣል፣ እትዬ ማሚቴ ጠላ ቤት ቁጭ ይላል፣ ከዚያ ወደ አገሩ ይመለሳል። የእኔ ቤት ከጠላ ቤቱ ስንት እርምጃ ነው? ተጣርቶ ያሰማል። ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልገባም። እኔ ነኝ ጠላ ቤት ሄጄ ጉልበቱን የምስመው። ስለ አያታችሁም ሲያነሳ ስሙን አይጠራም፣ «ያ ሰውዬ» ነው የሚለው።

«ሰው በር ይጠብቃል፣ ሰው ከብት ይጠብቃል» ይለኛል። «ያ ሰውዬ ቆርቆሮ ይጠብቃል።»

ታዲያ ያ መጋቢት ቀልድ አልነበረም። ባለፈው መኸር ውርጭ አዝመራውን መትቶት፣ አባዬ ቤት የቀረችው ለዘር የተቀመጠች አንዲት ስልቻ ገብስ ነበረች። እናቴ ቆሎ ሆና እንዳታልቅ ብላ መደቡ ሥር ደብቃታለች፣ ልጆቹ እየራባቸው እንኳ አላወጣችም። ያቺ ገብስ በበልግ ዝናብ ከበቀለች ክረምቱን ይወጡታል። ካልበቀለች የሚበላም የሚዘራም የለም፣ ታናናሾቼ ደግሞ አራት ናቸው። መሬቱ ታርሶ፣ ተገላብጦ፣ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል፣ ዝናብ ግን የለም። አባዬ ማክሰኞ ማክሰኞ ድርቆሹን ሸጦ እትዬ ማሚቴ ራዲዮ ሥር ነበር የሚቀመጠው። እሷ ገበያ ይስብልኛል ብላ ራዲዮ ገዝታ ግድግዳው ላይ ሰቅላለች፣ በዚያን ሰሞን ደግሞ ራዲዮው ስለ አየሩ ሁኔታ መናገር ጀምሯል። ድምፀ ወፍራም ሰውዬ ነው የሚያነበው፣ ቅዳሴ የሚያስታጉል ድምፅ።

እና ያ ሳምንት መጣ። ምን ሳምንት ነው፣ በቃ ደረቅ ነው። ቦይ ደረቀ፣ ምንጭ ቀጠነ፣ አቧራው እንጀራ ላይ ሳይቀር ይገባል። አያታችሁ በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ይወጣል፣ ብርጭቆውን ወደ ፀሐይ ያነሳል፣ ምንም የለም፣ ዜሮ ይጽፋል። ማግስቱን ዜሮ። በማግስቱ ዜሮ። ብርጭቆ ባዶ መሆኑን ለማየት ያን ያህል ጊዜ ምን ያስፈልጋል? እሱ ግን አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ያየዋል። ሲመለስ ፊቱን ብታዩት የሰረቀ ሰው ነው የሚመስለው።

ሰፈሩም አላስቀምጠው አለ። ከአጥሩ ወዲያ ጋሽ ጫራ የሚባል የጋሞ ሰው ሸማኔ ነበር፣ ደግ ሰው ነው፣ ግን አየሩ ሲደርቅ ክሩ እየተበጠሰ ያስቸግረዋል። በአጥር አንገቱን ያወጣና፣ «ወልዴ፣ ወንድሜ፣ ምን አደረግንህ?» ይለዋል።

«ምን አደረግሁ ጋሽ ጫራ?»

«በየቀኑ ዜሮ ዜሮ ትጽፋለህ አሉ። ትንሽ ጻፍልን እንጂ! ክሬ አለቀ እኮ!»

አያታችሁም ኮስተር ብሎ «እቃው ካላለ አልጽፍም» ይለዋል። ጋሽ ጫራም «እቃውን ለምነው» ይለዋል። እንዲህ እያሉ ነው የሚውሉት፣ ሁለቱም አይስቁም።

እኔ ግን አሳዘነኝ። ባሌ ነዋ። ያን ጊዜ ደግሞ በጣም ነበር የምወደው፣ አሁን አፈርኩ ብዬ አልደብቅም። ታዲያ ሰኞ ማታ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ግቢውን ስጠርግ ያን ቆርቆሮ አየሁት። ባዶውን አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ ቆሟል። እናቴ ዝናብ ሲዘገይ ምን ታደርግ ነበር መሰላችሁ፣ ገበቴ ሙሉ ውሃ ደጅ ታስቀምጣለች። «ባዶ እቃ ለሰማይ አይታይም» ትላለች። «ላም እንኳ ጥጃዋ ሳይጠባላት መች ታለባለች? ሰማይም እንደዚያው ነው፣ ትንሽ ይቅመስ» ትላለች። እኔ ይህን እያወቅሁ፣ በእኔው ደጅ፣ የመንግሥት እቃ ባዶውን ሳምንት ሙሉ ሲያዛጋ ዝም ብዬ ሳይ ቆይቻለሁ! ዝናብ የከለከልን እኛ ነን ማለት ነው። እና ገባሁና ከቁስቋም ያመጣሁት ጸበል ነበረ፣ ሁለት ኩባያ ቀዳሁና ጨመርኩበት፣ አማተብኩ፣ ገብቼ ተኛሁ።

ምን ትስቂያለሽ? እንደሚለካ አውቃለሁ። ጸበል ይለካል ብዬ ግን አላሰብኩም። ጸበል ዝናብ አይደለማ።

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሆነ። አያታችሁ ወጣ፣ እኔ በበሩ ስንጥቅ አያለሁ። ቆርቆሮውን ከፈተ፣ ገለበጠ፣ ብርጭቆውን አነሳ፣ እንዳነሳው ቀረ። ከዚያ ብርጭቆውን እንደ ጽዋ በሁለት እጁ ይዞ መጣ።

«አስካለ!»

«አቤት።»

«ሌሊት ዘንቧል?»

«እኔ እንጃ» አልኩ። እኔ እንጃ ውሸት አይደለም፣ ግማሽ ነው።

መሬቱን በጫማው ጫር ጫር አደረገው፣ ትቢያው ቡን አለ። ያሰጣሁትን ልብስ ዳሰሰ፣ ደረቅ ነው። ተመልሶ መጣና «እቃው ሃያ ሁለት ይላል» አለኝ።

«መሬቱስ ምን ይላል?» አልኩ።

«መሬት እንዳላይ ታዝዣለሁ» አለና ጻፈ። ሃያ ሁለት ሚሊ። ጸሐፊዋም ደወለች። ያኔ መናገር ነበረብኝ፣ አውቃለሁ፣ አልተናገርኩም። ፊቱን አየሁት፣ በሳምንቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሏል፣ ጋሽ ጫራን ራሱ ጠርቶ «ሃያ ሁለት!» ብሎታል። አንድ ቀን ደስ ቢለው ማን ይጎዳል ብዬ ዝም አልኩ።

ማን እንደሚጎዳ ከሰዓት በኋላ ሰማሁ። አባዬን ልስም ጠላ ቤት ስሄድ የለም። ጠላው ግን አለ፣ ዋንጫው እስከ ግማሹ።

«አባቴስ?» አልኳት እትዬ ማሚቴን።

«ውይ ልጄ፣ ሄደ እኮ!» አለች። «ራዲዮኑ ሲናገር ብድግ ብሎ ሄደ!»

አባዬ ጠላ ሳይጨርስ የተነሳበትን ቀን አላውቅም። «ምን አለ ራዲዮኑ?» አልኩ። እትዬ ማሚቴ ደግሞ ሰው ስታስመስል አምላክ ያውቃል፣ አገጯን ወደ ደረቷ ቀበር አድርጋ፣ «በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ተራሮች ላይ ጥሩ ዝናብ መጣሉ ታውቋል! ዝናቡ በዚህ ሳምንት ወደ ሱሉልታና ወደ አካባቢው እየሰፋ ይሄዳል ተብሎ ይጠበቃል! የበልግ ዘር የምትዘሩ ገበሬዎች ከወዲሁ እንድትሰናዱ!» አለችኝ። «አባትሽም ብድግ አለና ሰዉን ሁሉ ‹ሰማችሁ? ሱሉልታ አለ! አገሬን በስሟ ጠራት!› እያለ አህያውን ፈትቶ እየሮጠ ሄደ። ምነው፣ አመመሽ እንዴ?»

አላመመኝም። ያቺ ስልቻ ናት የታየችኝ። እናቴ ከመደቡ ሥር ስትጎትታት።

ቤት ገባሁና ለአያታችሁ ነገርኩት። ሁሉንም። ጫማውን እየወለወለ ነበር፣ ብሩሹን አስቀመጠ።

«ስንት ኩባያ?» አለኝ።

«ሁለት።»

«የቧንቧ ነው?»

«ጸበል ነው።»

«ጸበል በሚሊ ይጻፍ አይጻፍ የተሰጠኝ ትእዛዝ የለም» አለ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር፣ እንዲህ ሲል አለቀስኩ። እሱም ተነስቶ ወደ ጸሐፊዋ ሄደና «ጠዋት የተናገርሽው ቁጥር ይመለስልኝ» አላት።

«ወዴት ነው የሚመለሰው?» አለችው።

«ወደ ዜሮ።»

«ወልዴ» አለችው፣ «በራዲዮ የተነገረ ነገር በስልክ አይመለስም።»

ሲመሽ ደግሞ እንጦጦን ማን ይሻገራል፣ ጅቡ አይጣል ነው። ጎህ ሲቀድ ተነሳን። አያታችሁ ዳይሬክተሩን አስፈቅዷል፣ የዘበኛ ካፖርቱን ለብሷል፣ ባለ ናስ ቁልፉን፣ አማቱ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ መሄዱ ነዋ። ዳገቱን ስንወጣ ሰማዩ ቁልጭ ብሏል፣ የደመና ዘር የለም። ጫፉ ላይ ስንደርስ ቆመና ሰዓቱን አየ። «ሦስት ሰዓት» አለ። ዝም ብሎ ቆመ፣ እኔም አብሬው ቆምኩ፣ ነፍስ ይማር እንደሚባልበት ጊዜ። መለኪያው ሳይነበብ የዋለው ያን ቀን ነው። ከዚያ ቁልቁለቱን ያዝነው።

ደረስን። አባዬን ከሩቅ አየሁት፣ ስልቻዋ ባዶዋን ትከሻው ላይ ተጣጥፋ ተቀምጣለች። በጠዋት ተነስቶ ዘርቶ ጨርሷል። ዘሩ ግን ገና ከላይ ነው ያለው፣ አፈር አልለበሰም። አባዬ ያለው አንድ በሬ ነው፣ ሌላውን የሚያቀናጀው ከጎረቤት ነው፣ ጎረቤቱ ደግሞ አልመጣም። «ደመና ሳላይ በሬዬን አላደክምም» ብሎ ልኮበታል። እና ገብሱ እንዲያው ትቢያው ላይ ተበትኖ ያበራል፣ ርግቡ ወርዷል፣ ጉንዳኑም መንገድ አውጥቶ መሸከም ጀምሯል። እናቴ በሻሿ ርግብ ታባርራለች፣ በዚህ ስታባርር በዚያ ይወርዳሉ።

አባዬ አየን። እኔን አየ፣ ካፖርቱን አየ። «ምን ሆናችሁ?» አለ በኦሮምኛ።

አፌን ከፈትኩ፣ «አባዬ፣ ዝናቡ…» አልኩ።

«ዝናቡ ይመጣል» አለ። «ራዲዮ ተናግሯል።»

ያኔ አያታችሁ ወደ ፊት ቀረበና ኮፍያውን አወለቀ። «አባቴ፣ አልዘነበም» አለ። «ራዲዮው የተናገረው ከእኔ የሄደ ቁጥር ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

አባዬ ዞሮ የተበተነውን ገብስ አየ። ርግቦቹ ሲለቅሙ ይሰማል።

«ቆርቆሮህ ውስጥ ውሃ ነበር?» አለው።

«ነበር።»

«ከየት መጣ?»

አሁን ይናገራል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አያታችሁ ዋሽቶ አያውቅም፣ ጋቢ እንኳ ስንት ሚሊ ነው ሲባል እውነቱን የተናገረ ሰው ነው። አንገቱን አከከ፣ አከከ፣ «እኔ… ሳጥበው የቀረ ውሃ ይሆናል» አለ። «እኔ ነኝ።»

እና እኔ ዝም አልኩ። ይህን ጻፊው። ዝም አልኩ።

አባዬም «እግሬ ሥር ትቢያ ነበር» አለ፣ ለማንም አይደለም፣ ለራሱ ነው። «ትላንት ያን ሁሉ መንገድ ስመጣ እግሬ ሥር ትቢያ ነበር። ራዲዮ ነው ብዬ እግሬን አላመንኩትም።» ድምፁ ተሰበረ። አባቴ ሲያለቅስ አላየሁም፣ ያን ቀንም አላለቀሰም፣ ግን ያ ከለቅሶ ይብሳል። ከዚያ ባዶዋን ስልቻ ከትከሻው አወረደና አያታችሁ እግር ሥር ጣላት።

«ልቀም» አለው።

አያታችሁ ካፖርቱን አወለቀ፣ በቁልፉ በኩል ወደ ውስጥ አጥፎ ድንጋይ ላይ አስቀመጠ፣ ተንበረከከና መልቀም ጀመረ። ገብስ ከእርሻ ላይ ለቅማችሁ ታውቃላችሁ? ፍሬ በፍሬ ነው። ጓል ታነሳላችሁ፣ ከሥሩ ሁለት ፍሬ፣ ሌላ ጓል፣ አንድ ፍሬ። እኔም ተንበረከክሁ፣ እናቴም ወንፊት አምጥታ ከነአፈሩ እየነፋች ትለይ ጀመር፣ በኋላ አባዬም ራሱ ተንበረከከ። አያታችሁ ግን እንደ ሰው አልነበረም የሚለቅመው። ጭራሮ ሰብሮ መሬቱን በመስመር ከፈለው፣ አንዱን መስመር ሳይጨርስ ወደ ሌላው አይሄድም፣ የጨረሰውን ደግሞ ተመልሶ ያየዋል። የጉንዳን ጉድጓድ ድረስ እጁን ይከታል። አባዬ በዓይኑ ጥግ እያየው ቆየና ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «ይሄ ሰውዬ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አለኝ።

«ሁልጊዜ» አልኩ።

«ታዲያ አንቺ እንዴት ቻልሽው?»

ቀኑን ሙሉ ለቀምን። ጾም ነው፣ እህል አልቀመስንም፣ ጉልበታችን ተላጠ። ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ስልቻዋ ከግማሽ አልፋለች፣ የቀረውን ርግብ በልቶታል ወይ አፈር ውስጥ ገብቷል። እናቴ ስልቻዋን አነሳችና መዘነቻት፣ «ተመስገን፣ ይሄም ዘር ነው፣ ለሐምሌ ይሆናል» አለች፣ አፏን አሰረችው። ያን ጊዜ ነው አንገቴ ላይ አንድ ጠብታ የወደቀው።

የርግብ ኩስ መሰለኝ። ቀና ስል ከሰሜን በኩል ጥቁር ደመና መጥቷል፣ ሁላችንም አቀርቅረን ስንለቅም ማን ይየው! ሁለተኛ ጠብታ፣ ሦስተኛ፣ ከዚያ ዶፍ። ዶፍ ስላችሁ ዶፍ! አራታችንም ተንበርክከን እንዳለን ተያየን። ውሃው በአባዬ ፂም ይወርዳል። አባዬ ሰማዩን አየ፣ መሬቱን አየ፣ የታሰረችውን ስልቻ አየ።

«በሉ» አለ፣ «መልሱት።»

እናቴ ሳቀች። መጀመሪያ እሷ ናት የሳቀችው፣ ጭቃው ላይ ቁጭ ብላ። አባዬ ግን አልሳቀም፣ እየተራመደ ገብሱን ይበትን ጀመር፣ አያታችሁ ከኋላ ከኋላው ስልቻዋን ይዞለት ይሄዳል። ጎረቤቱም ደመናውን አይቶ በሬውን እየነዳ መጣ፣ ተቀናጀ፣ በዶፉ ውስጥ ዘሩ አፈር ለበሰ። ሲጨልም ቤት ገባን። ልብሳችን ይንጠባጠባል፣ እሳት ተቀጣጠለ። አያታችሁ በሩ አጠገብ ቆሟል፣ ግባ ሳይሉት አይገባማ። አባዬ እሳቱ ዳር ተቀምጦ ሳያየው «ኢልማ ኮ፣ ቦታህ እዚህ ነው» አለ፣ እጁን አጠገቡ ባለው መደብ ላይ መታ መታ እያደረገ። ኢልማ ኮ ማለት ልጄ ማለት ነው። እናቴ ወጥ እያማሰለች ነበር፣ ማማሰሉን አቆመች።

በማግስቱ ጉለሌ ስንመለስ ጠብ አላለም፣ አቧራው እንዳለ ነው። አያታችሁ መጀመሪያ ወደ ቆርቆሮው ነው የሄደው። ረቡዕ በሚለው መስመር ላይ «አልተነበበም፣ አማቴ እርሻ ላይ ነበርኩ» ብሎ ጻፈ፣ ሐሙስ ላይ ዜሮ። ራዲዮውም በዚያው ቀን «በሰሜናዊ ተራሮች ዝናብ የለም፣ ገበሬዎች ዘራችሁን አቆዩ» አለ፣ የአባዬ ገብስ ግን እርጥብ አፈር ለብሷል። በሚቀጥለው ማክሰኞ ድርቆሹን ሸጠና ጠላ ቤት አልገባም፣ የእኛን በር አንኳኳ። ተቀምጦ በላ። ተቆጣጣሪውም ወር ሲሞላ መጥቶ ስለ ሃያ ሁለቱ ጠየቀ፣ አያታችሁም «እቃው ያለውን ጻፍኩ» አለው፣ ልጁ ራሱ ያዘዘው ነውና ምን ይላል፣ የቆርቆሮውን ዙሪያ በሽቦ አጥር አሳጠረውና ሄደ።

(«እና እማማ፣ ለአባትሽ ሳትነግሪያቸው ቀረሽ?»)

ቆይ፣ እሱን ነው የምልሽ። ሳልነግረው ስንት ዓመት! በመጣ ቁጥር፣ ከአያታችሁ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ ሲያወራ ባየሁ ቁጥር፣ ልነግረው እነሳና እተወዋለሁ። አባዬ ራዲዮ በተናገረ ቁጥር ደግሞ «ወልዴ፣ ዛሬስ ቆርቆሮህን አጥበኸዋል?» ይለዋል፣ አያታችሁም «አላጠብኩም አባቴ» ይላል፣ እኔ ወደ ጓዳ እገባለሁ። ኋላ ጃንሆይ ሊወርዱ ጥቂት ሲቀራቸው አባዬ ታመመ፣ ጳውሎስ ሆስፒታል ተኛ፣ እኔ ነኝ የማስታምመው። አንድ ቀን እግሩን እያሸሁት አላስችል አለኝ።

«አባዬ፣ ያን ቀን ውሃውን የጨመርኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ።

እጄ ቀጥ አለ። «ማን ነገረህ?»

«ባልሽ ነዋ» አለ። «እኔ ነኝ ሲል አንገቱን አከከ። ያ ሰውዬ ውሸት አይችልም፣ ገና አፉን ሲከፍት ሌላ ሰው እየሸፈነ እንደሆነ አወቅሁ። እዚያ ከእሱ ሌላ የቆመ ማን ነበር? አንቺ ነሽ። ልጄን ከእኔ ቁጣ የሚጋርድ ሰው ከሆነ እስቲ ልየው ብዬ ነው ልቀም ያልኩት። እንዲያ ባይሆን በዱላ ነበር የምለው።»

አለቀስኩ። እግሩን ይዤ አለቀስኩ። «ታዲያ እያወቅህ ይሄን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አልከኝ? እኔ እኮ ስሳቀቅ ኖርኩ!» አልኩት።

አባዬ ትራሱ ላይ ተመቻቸና፣ «አንድ ስልቻ ገብስ፣ ፍሬ በፍሬ፣ በጉልበቴ ነው ያስለቀምሽኝ» አለ። «እኔስ ትንሽ አላስለቅምሽ?»

ሳቅን። እያለቀስኩ ሳቅሁ፣ እሱም እስኪያስለው ሳቀ፣ ነርሷ መጥታ «እዚህ በሽተኛ አለ እኮ!» ብላ ተቆጣችን።